ግማሽስ ግማሽ ነው፣ ከምኑ?

እማሆይ ከዘመሮ የሚደውሉልኝ በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ሰው ሲሞት፣ ወይ ሒሳብ ሲኖር። ባለፈው ጥር የደወሉ ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ልቤ ድንግጥ ብሎ ነው ያነሣሁት።

«ሰው ደኅና ነው፤ ሒሳብ ነው» አሉኝ።

እማሆይ የአባቴ እናት ናቸው። አያቴ ካረፉ በኋላ ቆብ ደፍተዋል። በሬ የላቸውም፣ ጉልበትም ድሮ ቀረ። ስለዚህ መሬታቸውን ለጎረቤት ልጅ በእኩል ይሰጣሉ። እሱ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ አውድማው ላይ ገብሱን ለሁለት ይካፈላሉ። ዓመታት ያለ ጠብ እንዲህ ኖሩ። ዘንድሮ ግን ልጁ አንድ ነገር አመጣ። ዘሩን የገዛው እሱ ነው፣ ማዳበሪያውንም እሱ ነው፤ ስለዚህ «መጀመሪያ የዘርና የማዳበሪያው ከላይ ይነሣና የቀረውን እንካፈል» አለ። እማሆይ ቅር አላቸው።

እኔ ደግሞ የምህንድስና ዲግሪዬን ይዤ፣ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጬ፣ በችኮላ መለስኩ። «እማሆይ፣ በእኩል ካላችሁ 50 በመቶ ማለት እኮ ነው። ለሁለት መክፈል ነው፤ ምን ያከራክራል?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ግማሽስ ግማሽ ነው ልጄ። ከምኑ? ነው የምልህ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወረቀት አወጣሁ። ለስሌት እንዲመች 8 ኩንታል ገብስ ተገኘ እንበል። ዘሩ 1 ኩንታል፣ ማዳበሪያው በገብስ ሲተመን ሌላ 1 ኩንታል ይሁን። ከጠቅላላው ከተካፈሉ ለእማሆይ 4 ኩንታል ይደርሳቸዋል፤ እውነተኛ 50 በመቶ። ዘር ከላይ ከተነሣ 7 ይቀርና 3 ተኩል ያገኛሉ፤ ከጠቅላላው 43.75 በመቶ። ማዳበሪያውም ከተነሣ 6 ለሁለት፣ 3 ኩንታል፤ 37.5 በመቶ። ስሙ አሁንም «እኩል» ነው፤ ድርሻቸው ግን ከእኩሌታው ይልቅ ወደ ሲሶ ቀርቧል።

ልጁ አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም። ከሱ በኩል ሲታይ፣ ከጠቅላላው ከተካፈሉ ከ4 ኩንታሉ ሁለቱ ወጪውን ይሸፍኑና ለሙሉ ዓመት ድካሙ 2 ኩንታል ይተርፈዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። «50 በመቶ» የሚለው መልሴ ግን ለሁለቱም ምንም አልነገራቸውም። እማሆይ ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ባለፉት ወራት አንድ ስህተት ስፈልግ የከረምኩት ይህችኑ ጥያቄ ባለመጠየቄ ነበር። ወደሷ እመለሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው የአገራችንን የድርሻ ታሪክ እያገላበጥኩ ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ የገረመኝ ገበሬው መቶን ሳይፈልግ ስንት ዘመን እንደኖረ ነው። ድርሻ የሚነገረው በስም ነበር፤ እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ። አራሹም በዚሁ ይጠራል፤ የእኩል አራሽ፣ የሲሶ አራሽ፣ የእርቦ አራሽ። መንዝ ራሷ ስሟ በድርሻ የተከፈለ አገር ነች፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር። በአፈ ታሪክ ሦስቱ መሬቱን ያቀኑት አባቶች ስሞች ናቸው። ርስት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው ቆጥሮ ድርሻውን ሲያሰላ፣ የክፍልፋይ ሒሳብ በቃሉ እየሠራ ነው።

መስፈሪያውም ለዚህ የተመቸ ነበር። አንድ ዳውላ 20 ቁና ነው። አሥራቱ 2 ቁና፣ እርቦው 5 ቁና፣ እኩሌታው 10 ቁና። ሲሶ ብቻ ነው የሚያስቸግረው፤ እሱንም ሦስት ቁልል አድርጎ መስፈር ነው። ችግሩ ቁናው ነው። ተከምሮ ይሰፈራል ወይስ ጫፉ ተስተካክሎ? የማን ቁና ነው? በአንድ እጅ ተከምሮ ገብቶ በሌላ እጅ ተስተካክሎ የሚወጣ ቁና ምንም ክፍልፋይ ሳይነካ ድርሻ ይለውጣል። የጽሑፍ ቁጥራችንም ቢሆን ለመቶ ባዳ አይደለም። የግዕዝን ቁጥር ወደ ኮድ ለመቀየር የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፤ አካሄዱ በሺ ሳይሆን በመቶ ነው። 1960ን ፲፱፻፷ ብለን ስንጽፍ «ዐሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ» ማለታችን ነው፤ ፼ም መቶ ጊዜ መቶ ነው። የመቶ ምልክት ነበረን፤ የመቶኛ ግን አልነበረንም።

ከድርሻዎች ሁሉ በመንግሥት ደረጃ የገነነው አሥራት ነው። ቃሉን ከቤተ ክርስቲያን እናውቀዋለን። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገደማ የአገር ግብር ሲያደርጉት ግን ምክንያቱ ወታደር ነበር። ክፉ ቀን አገሩን ከጨረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሠራዊቱ በየገበሬው ቤት እየተመራ ይበላ ነበር፤ ስንት እንደሚበላ የሚወስነው ደግሞ የሚበላው ሰው ነው። አዋጁ ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለመንግሥት ጎተራ እንዲሰጥ፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ አለ። ዛሬ ግብር ሲባል ፊታችንን እናጨፈግጋለን እንጂ፣ ልክ ከሌለው ጥያቄ ልክ ወዳለው መሄድ ትልቅ እፎይታ ነበር። «አሥረኛ» ማለት ዘጠኙ አይነካም ማለት ነው።

ታዲያ ከአሥር አንድ ለማለት አሥሩን ማን ቆጠረው? ምርት የሚገመተው በዓይን ነው። ገማቹ ቁልሉን አይቶ «ይሄ 30 ዳውላ ይወጣዋል» ካለ አሥራቱ 3 ዳውላ ነው፤ እህሉ ተሰፍሮ 24 ቢሆንም። ያን ጊዜ ገበሬው የከፈለው አሥራት ሳይሆን ስምንተኛ ነው፤ 12.5 በመቶ። ገማቹ አሥረኛ የሚለውን ሕግ ቅንጣት አልሻረም። አሥሩን ብቻ ነው ያሳደገው።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ይህን ጣጣ በገንዘብ ለመቁረጥ ሞከረ። አሥራቱ ከምርት ተነጥሎ በጋሻ መሬት ተወሰነ፤ ለለም 35 ብር፣ ለለም ጠፍ 30፣ ለጠፍ 10። ከመሬት ግብሩ ጋር ሲደመር ለሙ 50፣ ለም ጠፉ 40፣ ጠፉ 15 ይመጣል። ጎጃም፣ ትግራይና ቤጌምድር በቀድሞው ግብራቸው ቆዩ። ስሙ አሥራት እንደሆነ ቀረ፣ ግን የምንም ነገር አሥረኛ አልነበረም። ዝናብ ጠፍቶ ቢሆንም፣ እህል ተትረፍርፎ ቢሆንም ያው 35 ብር ነው።

መንዝ በአብዛኛው የርስት አገር ስለሆነ የዚህ ነገር ዋናው ጉድ የታየው እዚያ አይደለም፤ ጭሰኛ በበዛበት በደቡብ ነው። በብዙ ቦታ ባለመሬቱ ለመንግሥት በተወሰነው ገንዘብ ይከፍላል፤ ከጭሰኛው ግን አሥራቱን እንደ ድሮው በእህል፣ ከምርቱ ከአሥር አንዱን ይቀበላል። አስሉት። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው፤ 35 ብር ለ40 ሲካፈል ለአንድ ሄክታር 87 ሳንቲም ተኩል ይደርሳል። ያው ሄክታር የእማሆይን 8 ኩንታል ቢሰጥ አሥራቱ 80 ኪሎ እህል ነው። ባለመሬቱ 80 ኪሎ ተቀብሎ አንድ ብር ያልሞላ ገንዘብ ያስገባል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉም ራሱን የቻለ ነገር ነበር። አሥራቱ ከላይ ከተነሣ በኋላ ነው እኩል የሚካፈሉት። ከ8 ኩንታል 0.8 ይነሣል፣ 7.2 ለሁለት ሲከፈል ለጭሰኛው 3.6 ይደርሰዋል፤ 45 በመቶ። ገና ከዚያ ላይ ዘር አለ። «ከላይ ይነሣ» የምትለው አነጋገር ከዘመሮው ጎረቤታችን በፊት ረጅም ዕድሜ ኖራለች።

መቶኛ ራሱ መጀመሪያ በሕዝብ እጅ የገባው እንደ ስሌት ሳይሆን እንደ ሳንቲም መሆኑን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ። በምኒልክ ጊዜ ብር የሚከፈለው በግማሽ በግማሽ ነበር፤ አላድ ግማሹ፣ ሩብ እርቦው፣ ተሙን ስምንተኛው። ግርሹ መጀመሪያ የብር ሃያኛ፣ ኋላ አሥራ ስድስተኛ ሆነ። ብርን በ16 ከፍለህ አሥረኛውን ፈልግ ብትባል 1.6 ግርሽ ነው፤ ማን ይመነዝርልሃል? በ1923 ዓ.ም.፣ የአቢሲኒያ ባንክ ቀርቶ የኢትዮጵያ ባንክ በተተካበት ዘመን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብርን ለመቶ ከፈሉት። ቁራሹም «መቶኛ» ተባለ። የመዳብ 1 እና 5 መቶኛ፣ የኒኬል 10፣ 25 እና 50 መቶኛ ወጣ። ያኔ «የብር ሃያ አምስት መቶኛ» ማለት ኪስ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ነው። የሮማው አውግስጦስ ከጨረታ ሽያጭ ላይ ከመቶ አንድ ሲሰበስብ፣ የኢጣሊያ ነጋዴዎችም በመዝገባቸው «ፔር ቼንቶ» የሚለውን እያሳጠሩ ሲጽፉ ነው ያ ባለ ሁለት ዜሮ ምልክት የተወለደው። እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ በሳንቲም ገባ።

ዕድሜው ግን አጭር ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ፤ ከነጻነት በኋላ አዲሱ ብር ሲወጣ ቁራሹ «ሳንቲም» ተባለ፤ የፈረንሳዮቹ ቃል ነው፣ ትርጉሙ ያው መቶኛ። ሕዝቡ አሁንም ለመቶ ብዙም ግድ አልሰጠውም። 25 ሳንቲሙን «ስሙኒ» አለው፤ ከዐረብኛው ስምንተኛ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። እርቦ የሆነ ሳንቲም ስምንተኛ ተብሎ እየተጠራ እኛም በሱ ማስቲካ ገዝተን አደግን። ደግሞ የመጀመሪያው የ1936ቱ 25 ሳንቲም በመጠን ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ይቀራረብ ስለነበር፣ ብልጦች ብር እየቀቡ በ50 ያሳልፉት ጀመር፤ ንጹሕ 100 በመቶ ትርፍ። መንግሥትም ዳርና ዳሩን አሸብሽቦ እንደገና አወጣው።

ወደ ግብሩ ልመለስ። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አሥራት ቀረ፤ በምትኩ ገበሬው በገቢው መጠን እንዲከፍል ተባለ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከቀድሞው የተሻለ ሕግ ነው፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይከፍላል። እኔ ያኔ መሐንዲስ ሆኜ ብጠየቅ አጨብጭቤ አሳልፈው ነበር። ጎጃም ግን ተነሣ። ገበሬው ስለ መጣኔው ከፍታና ዝቅታ አልነበረም ዋና ክርክሩ። ገቢውን ለማወቅ ገማች ኮሚቴ ይመጣል፤ ምርቱን ይገምታል። መሬቱንስ? ዛሬ የገመተ ነገ በቀላድ ይለካል፣ የተለካ ርስት ደግሞ የኔ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ፍርሃቱ ይህ ነበር። ገማቾቹን አናስገባም አሉ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በአውሮፕላን ጭምር ተደበደቡ። መጨረሻ ላይ አገረ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ኋላ ቀር ገበሬ ተራማጅ ግብር እምቢ አለ» ተብሎ ነው። አልዋጥልህ ይለኛል። ገበሬው ከአሥር አንድ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ያላመነው አሥሩን የሚቆጥረውን ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት። ለሱቆች ደረሰኝ የሚያወጣ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። አንድ ደንበኛ ዋጋዎቹን ሁሉ ታክስን ጨምሮ ነው የሚለጥፈው። እኔ ኮዱን የጻፍኩት ጠቅላላውን በ0.15 አባዝቼ ነው። 1,150 ብር ሲሸጥ ሲስተሙ ታክሱ 172 ብር ከ50 ነው ይላል። ትክክለኛው 150 ነው፤ ምክንያቱም 15ቱ የተሰላው ታክስ ካልተጨመረበት 1,000 ላይ ነው። ጨምሮ ከተሰጠህ ዋጋ ላይ ስትነሣ ድርሻው 15 ከ115 ነው፤ 13.04 በመቶ ገደማ። በአንድ ደረሰኝ 22 ብር ከ50 ልዩነት። ሰውየው ለወራት ከራሱ ኪስ ሲጨምር ከረመ። ያወቀውም በእጁ የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እኔማ ፈተናውን በራሴ ቀመር ጽፌ በራሴ ቀመር ሳርመው ሁሌም አረንጓዴ ይበራልኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ይህች 15 ከ115 በየቦታው ታየኝ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መባቻ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ሲቀንስ ዜናው ሁሉ «ብር በ15 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ነበር። ዶላር ከ23.4 ወደ 26.9 ብር ሄደ። የጨመረው ዶላሩ ነው፤ 15 በመቶ። ብርን ከያዝከው 100 ብር አንጻር ካየኸው፣ በፊት 4.27 ዶላር ይገዛ የነበረው 3.72 ገዛ፤ የቀነሰው 13 በመቶ ነው። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ክርክሩ ባሰ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ጓደኛዬ «ብር 100 በመቶ ወደቀ» ሲል «100 በመቶ ከወደቀ እኮ ምንም የለህም፣ ያንን ማኪያቶ በምን ልትከፍል ነው?» አልነው። ዶላር እጥፍ ቢሆን ብር የሚወድቀው 50 በመቶ ነው። ያው አንድ ክስተት ነው፤ መቶ ብለህ የጠራኸው ነገር ነው የተለየው።

በአራጣም እንዲሁ ነው፤ እዚያ የሚደበቀው ጊዜው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ የሚዋዋሉትን ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖታል፤ መጠኑ ካልተጻፈ 9 ነው። አራጣ አበዳሪው «አሥር በመቶ» ሲል ስለዚህ ከሕግ በታች ይመስላል። በወር መሆኑን የሚነግርህ አንተ ከጠየቅህ ብቻ ነው። 10,000 ብር ወለዱ በወለድ ላይ እየተደመረ ዓመት ሲሞላው ከ31,000 ብር ያልፋል። በሕጉ ጣሪያ 11,200 ብር ነበር።

ያን የእማሆይን ወረቀት ይዤ በሳምንቱ ደወልኩ። «እማሆይ፣ ሠርቼዋለሁ። አንቱም እውነት አለዎት፣ ልጁም እውነት አለው» ብዬ ላብራራ ስል አቋረጡኝ። ለካ ጨርሰውታል። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ለዘንድሮ ዘሩ ከላይ ይነሣ፣ ማዳበሪያው ግን የሱ ይሁን ተባለ። ለሚመጣው ዓመት ዘሩን ግማሽ በግማሽ ያዋጣሉ፤ እሳቸው ከጎተራቸው፣ እሱ ከራሱ። ቁናው የእማሆይ ነው፤ ተስተካክሎ ነው የሚሰፈረው።

እንደዚያም ሆኖ የሠራሁትን ሠንጠረዥ ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለት፤ አንብብላቸው ብዬ። ማታ ደወለ።

«አንብቤላቸዋለሁ። ገለባው የት አለ? ይላሉ።»

ገለባ? በአራሹ እጅ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ግን ከ8 ኩንታሉ ውስጥ ቆጥሬው አላውቅም። መንዝ ውስጥ ደግሞ በበጋ በግና አህያ የሚያድሩት በገለባ ነው።

«ስንት ልበለው?» አልኩት።

ከኋላው የእማሆይ ድምፅ ይሰማኛል። «ዘንድሮ ውድ ነው በለው» እያሉ ነው። ኮምፒዩተሬን ከፍቼ አንድ ረድፍ ጨመርኩ።